ደካማ ጎን፦ አትቆጣም

እኔን ከወንበሬ ያነሳኝ ጠላት አይደለም። ጠላት ቢሆን ኖሮ ረግሜው፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ያነሳችኝ አበልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ እናቴ ስትሞት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ያደረች ሴት። ያነሳችኝም በሐሜት ሳይሆን በምስጋና ነው። «ከጠላቴስ እኔው እጠበቃለሁ፤ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ» ያሉት አባቶች ምን ደርሶባቸው እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ዳንግላ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምሠራው። የቀድሞው ኃላፊያችን ወደ እንጅባራ ሲዛወር «ሰው እስኪገኝ ድረስ ያዥልን» ተባልኩና በውክልና ኃላፊ ሆንኩ። ሰው እስኪገኝ የተባለው ነገር ዓመታት ፈጀ። እኔም በዚያው ወንበሩን ወደድኩት። አዎ፣ ወደድኩት! ሴት ልጅ ኃላፊነት ወደደች ሲባል ሰው ለምን አፉን እንደሚይዝ አይገባኝም። የወደድኩት ማኅተሙን አይደለም። ሥራው ልኬ ነበር፤ ሌላ ቦታ የማያዋጣ ጠባዬ እዚያ ያዋጣ ነበር።

ዳንግላ ባጃጅ ቢያጥለቀልቃትም ጋሪዋን አልተወችም። እህሉም፣ ስሚንቶውም፣ ሰውም በጋሪ ነው የሚሄደው። ፈረሶቹ ደረታቸው በጠፍር ይላጣል፤ ሰኮናቸው ይሰነጠቃል። ባለጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈረሱ ከቆመ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ስለዚህ «ትንሽ ሳያመው አልቀረም» ብሎ ይመጣል እንጂ በዚያ ቁስል ላይ ጭነት ሲያስጎትተው እንደከረመ አይናገርም። ብትቆጣው አይናገርም፤ ብታስፈራራው ጭራሽ አይመጣም። እውነቱን ካልተናገረ ደግሞ ሕክምናው ከንቱ ነው። ጠዋት መርፌ ወግተህ ትሸኘዋለህ፣ ከሰዓት ስሚንቶ ይጭንበታል።

የእኔ ሥራ እንግዲህ ማውራት ነበር። እናቴ የገጠር ሰው ነበረችና አገውኛ ከእሷ ይዣለሁ። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንች ዋጋ እጠይቀዋለሁ። ፈረሱን አላነሳበትም። አንድ ሰዓትም ይሁን ሁለት፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ያነሳዋል። «እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ እህቴ» ካለ አለቀ፤ ፈረሱን ፈትቶ እኛ ጋ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ሠራተኞቼንም የያዝኩት እንደዚሁ ነው። የሚያረፍድ ነበረ፤ ለምን እንደሚያረፍድ ሰምቼ ሰዓቱን ቀየርኩለት፣ ማርፈዱን ተወ። ግቢያችን ሰው ሳይፈራ የሚገባበት ቦታ ሆነ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውክልናው ቋሚ እንዲሆንልኝና ያ ግቢ እንደያዝኩት እንዲቀጥል።

በዚያ ሰሞን ሥልጠና መጣ። ከባሕር ዳር የመጣ ጎልማሳ አሠልጣኝ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሥዕል እያሳየ፣ ሰው ሁሉ የራሱ የአመራር ዘይቤ አለው፣ አዛዥ አለ፣ አዳማጭ አለ፣ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ ቁም ነገሩ ሰውን ከሚስማማው ቦታ ማገናኘት ነው አለን። እጅ አስወጣን። እኔ ከአዳማጮቹ፣ የክትባት ዘመቻ አስተባባሪያችን ከአዛዦቹ ሆንን። አጨበጨብን። ሻይ ከብስኩት ጋር ጠጣን። ከእንጅባራ የመጡት አለቆቻችንም ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲጽፉ ነበር። ምን ሲጽፉ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ይኼን አስተባባሪ ላስተዋውቃችሁ፤ የታሪኩ ግማሽ እሱ ነው። ጥሩንባው እንለዋለን፣ በድምፁ። ክፉ ሰው አይደለም። ዘመቻ ላይ አይታችሁት ቢሆን ትወዱት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ገጠር ቀበሌ ይደርሳል፤ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሲጮህ ከብቱ ሁሉ ከየበረቱ ይወጣል። አንተ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ፣ ያን ወይፈን ያዝ! ይሳደባል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይሳደባል። ክትባቱ የማቀዝቀዣ ሳጥኑ በረዶ ሳይቀልጥ ያልቃል። ገበሬውም አይቀየመውም፤ ጅጌ ላይ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያጭድ፣ ጎበዝ አውራጅ ሲጮህ ማን ይቀየማል? ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው።

ከዚያ እኔ በውክልና የያዝኩት ቦታ ለውድድር ወጣና ግምገማ ተጠራ።

ግምገማ ያልደረሰበት ሰው መታደሉን አያውቅም። ተራህ ሲደርስ ባልደረቦችህ አንድ በአንድ እየተነሱ ጠንካራ ጎንህን ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ደካማ ጎንህን። «ደካማ ጎን የለባትም» ማለት አይቻልም። እንዲያ ያለ ሰው «ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁ» ይባልና አብሮ ይገመገማል። ስለዚህ ሰው ዘዴ አበጀ። ለወዳጅህ የማይጎዳ፣ ላዩ ጥፋት ውስጡ ምስጋና የሆነ ደካማ ጎን ትፈልግለታለህ። «ሥራ ከያዘ ምሳ አይበላም።» «ለጤናው አይጠነቀቅም።» እኔ ራሴ ለአበልጄ «የዓመት ፈቃዷን አትወስድም» ብያታለሁ። እሷ የመድኃኒት ክፍላችን ሠራተኛ ናት። በመሥሪያ ቤት ደግነት ማለት ይኼ ነው።

በዋዜማው ሽሮ እየበላን «ለመሆኑ ደካማ ጎን ምን ልበልልሽ?» አለችኝ።

«ደስ ያለሽን።»

አሰበች፤ ጣቷን ላሰች። «ቁጣ አታውቅም ብልስ?»

ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ጥሩ ናት አልኩ። ባለመቆጣት ተከሶ የታሰረ ማን አለ?

በማግስቱ ከእንጅባራ ሦስት ሰዎች መጡ። ሰብሳቢው ኮት ላይ ጃኬት የደረበ፣ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ነበር። አበልጄ ተነሳችና ጠንካራ ጎኔን አዥጎደጎደችው፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ከዚያ፣ «ደካማ ጎኗ እንግዲህ፣ ምን ልበል፣ ቁጣ አታውቅም» አለች።

ሰብሳቢው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ምን ማለት ነው? አብራሪው።»

«በቃ አትቆጣም። ሠራተኛ ቢያጠፋ፣ ባለጋሪ ቢዋሽ አትቆጣም።»

«ባለጋሪ ይዋሻል?»

«ይዋሻሉ እንጂ! እሷ ግን ታግባባቸዋለች።»

«ምሳሌ ስጪን።»

ያን ጊዜ ቢበቃትስ! ኧረ ተይ፣ ተቀመጪ! እግሯን ልረግጣት ብዬ እግሬን በጠረጴዛው ስር ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። እሷ ግን እኔን እያመሰገነች መሆኑ ያልገባቸው መሰላት። ደረቱ ተልጦ ሥጋው የሚታይ ፈረስ ይዞ ስለመጣ ባለጋሪ አወራች። ሌላ ሰው ቢሆን ለፖሊስ ይሰጠው ነበር አለች። «እሷ ግን ግማሽ ቀን ስታዋየው ውላ ራሱ ወዶ ፈረሱን ፈታ!»

«ግማሽ ቀን?»

«አዎ ጌታዬ፣ ግማሽ ቀን!» አለች በኩራት።

ሰብሳቢው ወደ ግራና ቀኝ ጓደኞቹ ዞረ። «እንግዲህ በመንግሥት ሰዓት፣ ሕግ እየተጣሰ፣ ግማሽ ቀን ወሬ። ቆራጥነት ይጎድላታል ብለን እንያዘው?»

«አይ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም» አለች አበልጄ። ለማቃናት ሌላ ምሳሌ አመጣች፣ አርፋጁን ሠራተኛ። እሱንም ያዙት። እያንዳንዷ ምስጋና አንድ ድንጋይ ሆና ተጫነችብኝ። ስትቀመጥ አላየችኝም፤ እኔም አላየኋት።

የጥሩንባው ተራ ሲደርስ አንድ ከታቢ ከልቡ ተማሮ ተነሳ። ይቆጣል፣ ሰው ፊት ይሰድበናል፣ አንድ ቀን ኮቱን አውልቆ ሊመታኝ ነበር አለ። ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ይኼ ደካማ ጎን ነው ወይስ ጠንካራ?» ብሎ ጠየቀን። 

በሳምንቱ ጥሩንባው ኃላፊ መሆኑ ተነገረን። እኔ ደግሞ «ቆራጥነት እንድትለማመድ» በእሱ ቦታ የዘመቻ አስተባባሪ ሆንኩ። ልብ በሉ፣ ሁለት ሰው በየቦታው ተስማምቶ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱንም ነቅለው አቀያየሩን። ደህና በሬና ደህና ፈረስ አንስቶ በሬውን ጋሪ ላይ፣ ፈረሱን ሞፈር ላይ የሚያስር ሰው እብድ ይባላል፤ እነሱ ግን አበል በልተው ሄዱ።  ቤቴ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። አበልጄ በር ላይ መጥታ ብታንኳኳም አልከፈትኩላትም።

ጥሩንባውም አልተደሰተም፣ ይኼን ልመስክርለት። የእኔን ቁልፍ ሲረከብ «እኔ እኮ ሜዳ ነው የምወደው፤ ክፍል ውስጥ እታፈናለሁ» አለኝ። «ታዲያ እምቢ በላ!» አልኩት። አንገቱን ወዘወዘ። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል፤ አማቱ ከጫግኒ ድረስ በግ ይዘው መጥተዋል። እንዲህ ከተባለ በኋላ እምቢ የሚል ወንድ በእኛ አገር አልተወለደም።

የሚያውቀውን አደረገ፤ ጮኸ። ቁስለኛ ፈረስ ይዞ የመጣን ባለጋሪ ግቢው መሃል አቁሞ አዋረደው፤ ጋሪውን አሳገደ። ሌላውንም እንዲሁ። ኮረብታ ላይ የሚያስቀው ያ ድምፅ በአራት ግድግዳ መሃል ሲሆን ያስበረግጋል። ወር ሳይሞላ ግቢው ጭር አለ። ባለጋሪዎቹ ገበያ ዳር መርፌ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አገኙ። ፈረሶቹ ይሙቱ ይዳኑ የሚነግረን ጠፋ።

እኔስ? እኔማ ዘመቻ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀበሌ ስንደርስ ሰው የለም፤ ሽማግሌ ሞተው አገሩ በሙሉ ለቀብር ወጥቷል። ከለቅሶ ላይ ሰው ጎትቼ ከብትህን አምጣ ልበል? አላልኩም። አብሬ ቀበርኩ፣ አብሬ ንፍሮ በላሁ። ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ውሃ ሆኗል፤ ክትባቱም ተበላሽቷል። ጥሩንባው ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ቀባሪውን ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ ግማሹ ይቀብራል ግማሹ ከብት ይይዛል፤ ማንም ሳይቀየመው። ያን ማድረግ ጸጋ ነው። እኔ የለኝም። ማጣቴንም ከማንም በፊት አውቄ ተናግሬያለሁ፤ በሥልጠናው ቀን እጄን አውጥቼ።

ከእንጅባራ ስልክ ተደወለ። «ቆራጥነት ይጎድላታል ብለን ነበር፤ ይኸው» አሉ። አያችሁ? የማልችለው ቦታ አስቀመጡኝና አለመቻሌን ማስረጃ አደረጉት።

ክረምቱ ሲወጣ ጥሩንባው ራሱ መጣ። ከስቷል። «እህቴ፣ እንሂድና በግልጽ እንናገር። አንቺ ወደ ቦታሽ፣ እኔ ወደ ቦታዬ። ሁለታችን ካልን ምን ይሉናል?» አለኝ። ደስታዬ! በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ እንጅባራ ስንወጣ ምን እንደምንል ተለማመድን። እኔ ልጀምር፣ እሱ ይጨርስ። ጉሙ መስታወቱን አልብሶት ነበር፤ እኔ ግን የማየው ግቢዬን ብቻ ነበር።

ያ ስንጥር የሚጎረጉረው ሰብሳቢ ነበር የተቀበለን። ጀመርኩ። እሱ ለሜዳ እኔ ለክሊኒክ እንደምንሻል፣ ሁለቱም ሥራ እየተበላሸ እንደሆነ፣ ማንም ከማንም እንደማያንስ ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። ሰውዬው ሰማኝና ወደ ጥሩንባው ዞረ።

«አንተ፣ ሥራው ከብዶህ ነው?»

ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አሽከረከረ። እኔ በልቤ «በል! አዎ በል!» እላለሁ።

«አይ፣» አለ፤ «እኔ እንኳ አልከበደኝም።»

ምን ይበል? ወንድ ልጅ በአለቃው ፊት ከበደኝ አይልም። በሚኒባስ ውስጥ ይለዋል፣ ጠላ ቤት ይለዋል፤ ወንበር ፊት አይለውም። እኔ ግን እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ወንበር ቀማኛ ሆንኩ። «ታዲያ ችግሩ የአንቺ ብቻ ነው» አለኝ ሰብሳቢው። ስንመለስ ጥሩንባው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ።  ጠላሁት። ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተውኩለትም።

ከዚያ በኋላ ውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ። ቁጣ ከሆነ የምትፈልጉት እሺ አልኩ። በቀጣዩ ዘመቻ አንድ የእንጅባራ ተቆጣጣሪ አብሮን ነበር። አንዲት ላም የያዙ አዛውንት ወደ እኔ ቀርበው በአገውኛ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀመሩ። ምን እንደሆነ አላስጨረስኳቸውም። «ወሬ አልፈልግም! አስገባ!» አልኳቸው፤ አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁና «እሺ እመቤቴ» ብለው ላሚቱን ነድተው አስገቡ። ያን ቀን ክትባቱ ከቀትር በፊት አለቀ። ተቆጣጣሪው እጄን ጨበጠና «አሁን ገና መሪ ሆንሽ» አለኝ።

ሊነግሩኝ የፈለጉት ምን ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ እየቀለለኝ ሄደ። የቁጣ መጥፎ ነገሩ መሥራቱ ነው። በየቀበሌው ጮህኩ፤ ሪፖርቴም አማረ። ጥሩንባው በበኩሉ ግቢውን ባዶ አድርጎ ሲጨርስ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ ወደ ከፍተኛ ቦታ ተዛወረ። ግምገማ እንኳ አልተጠራም። «ከፍተኛ መሻሻል አሳይተሻል» ብለው የክሊኒኩን ኃላፊነት ሰጡኝ፤ ያውም በቋሚነት። አበልጄ እልልታዋን አቀለጠችው። የተመኘሁት ነገር ይኸው በእጄ ገባ።

ባለጋሪዎቹ መመለሴን ሰምተው ይጎርፋሉ ብዬ ነበር። ቀናት አለፉ፤ አንድ ሰው መጣ። ጎልማሳ ነው፣ የማላውቀው። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ከበር ቆሟል። በአገውኛ ሰላም አልኩት፤ በአማርኛ መለሰልኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፤ «ደህና ናቸው» አለ። ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት፤ «ደህና ነው» አለ። እንዲቀመጥ በርጩማ አቀረብኩለት፤ አይ፣ መቆም ይሻለኛል አለ። እንደገና ተቀመጥ አልኩት።

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ!»

ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ፤ አበልጄ ከመድኃኒት ክፍሉ ብቅ አለች። የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

ሰውዬው ተቀመጠ። ፈረሱ ምን እንደነካው ግን አልነገረኝም።